የቀረ ቀረ!

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም የበርሊኑን የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር በቴሌቪዥን ያየ የደብረ ማርቆስ ሰው ያችን የመጨረሻ ቀጥታ እስከ ዛሬ ያነሳታል። የማርቆሷ መሰለች መልካሙ ወርቁን ልታጠልቅ ነው ስንል ኬንያዊቷ ሊነት ማሳይ መስመሩ አፋፍ ላይ አለፈቻት። ሊነት 30 ደቂቃ ከ51.24 ሰከንድ፣ መሰለች 30 ደቂቃ ከ51.34። ሦስተኛ የወጣችውም የጎጃሟ ውዴ አያሌው ነበረች። መሰለች በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኡትሬክት ውስጥ 29 ደቂቃ ከ53.80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ስለያዘች ወርቁን የኛ አድርገን ነበር የተቀመጥነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያልፈረደ ሰው አልነበረም። «ምነው ዞር ብላ ብታይ!» ያለው ይበዛል። እኔን የያዘኝ ሌላ ሐሳብ ነበር፤ አሁን ከመሙ ስትወጣ መጀመሪያ የሚያገኛት ሰው ምን ይላት ይሆን?

እሷ አዋቂ ናት፣ ብዙ ያየች ሯጭ ናት፤ ትችለዋለች። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅስ? ጥያቄው ጠልቆ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ጉም ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ በታዳጊዎች ፕሮጀክት ታቅፎ ሩጫ ይሰለጥን ነበር። አሰልጣኙ ትጉ ሰው ነው። ገና ሳይነጋ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ ይገኛል፤ ሰዓት መያዣውን የገዛው ከኪሱ ነው። ልጆቹን እንደሚወድም አምናለሁ። አፉ ግን አያድርስ ነው። ከኋላ የቀረውን «አንተ ለእርሻም አትሆን!» ይለዋል፤ ሴቷን «ሂጂ ቡና አፍዪ!» ይላታል። ወላጆች ቆመን እየሰማን ማንም ምንም አይልም። በእኛ አገር ልጅ ካልተገሠጸ ሰው አይሆንም ተብሎ ይታመናልና ጩኸቱን የሥልጠናው አካል አድርገን ወስደነው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቅጥቅጥ ተኮናትሮ ልጆቹን ወደ ሮብ ገበያ አወጣቸው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ጮቄ የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ሊያስይዛቸው ነው። እኔ ውኃና የልጆቹን ቱታ ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ማርቆስ ራሷ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ያልፋል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ልጅ ቀርቶ ጎልማሳ ቆሞ ሲያወራ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አሰልጣኙ በመስኮት ብቅ ብሎ «የቀረ ቀረ! ማንንም አልጠብቅም! የቀረ ከዞኑ ምርጫ ወጥቷል!» ብሎ ጮኸና መኪናውን ከፊታቸው አስነዳው።

ጉሙ ድንገት ወረደ። የገብሱ ማሳ ጠፋ፤ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋ፤ ከኋላችን የሚመጣው የእግር ኮቴ ብቻ ቀረ። ከተባለው ቦታ ደርሰን ልጆቹ እየተንጠባጠቡ ሲገቡ ቆጠርን። አንድ ጎደለ። አሰልጣኙ «ሰንፎ ተመልሷል፤ መንገድ ላይ እናገኘዋለን» አለ። እየወረድን አየን፣ ጠራን፤ የለም። ሌሎቹ ልጆች ላባቸው ደርቆባቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመሩ እሱ እነሱን ይዞ ወረደ፤ እኔ፣ ረዳቱና የእህቴ ልጅ ፍለጋውን በእግር ያዝን።

ያን ቀን ያየነው አበሳ ለብቻው ይተረካል። አንድ እረኛ «ወዲያ ማዶ አይቻለሁ» ሲለን ማዶውን ተሻግረን ረግረግ ውስጥ ገባን፤ ረዳቱ አንድ ጫማውን እዚያው ትቶ ወጣ። ከረግረጉ ስንወጣ ውሾች ከበቡን። የውሾቹ ባለቤት የበግ ሌባ መስለነው ዱላ ይዞ ብቅ አለ።

«ማነህ አንተ?»

«ልጅ ጠፍቶብን ነው፣ አያ፤ ሯጭ ልጅ።»

«ቁምጣ የለበሰው? እሱማ ካማቼ ቤት እሳት ዳር ተቀምጧል» አለና ውሾቹን ገሥጾ መራን።

ልጁ ባና ተከናንቦ ትኩስ ድንች ይልጣል። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ እግሩና ባቱ አንድ ሆነዋል፤ እመቤቲቱ በቅቤ አሽተው በጨርቅ አስረውለታል። እንዳየኝ የተናገረው ስለ ሕመሙ አልነበረም።

«ለኮች ነገራችሁት?»

እግሩ የታጠፈበት ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነው። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ በዚያ እግር ሮጧል። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። የውሾቹ ባለቤት በቅሎ ጭኖልን ሮብ ገበያ የደረስነው ከመሸ ነው። መንገድ ላይ የእህቴ ልጅ ከጎኔ እየሄደ «አጎቴ፣ ሁላችንም እኮ እናውቅ ነበር። እኔም ጎኔን ሲወጋኝ አልናገርም» አለኝ። ከረግረጉም ከውሾቹም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ያ ሁሉ ልጅ የሚያውቀውን ነገር የማያውቀው አሰልጣኙ ብቻ ነበር።

አሰልጣኝ ሰዓት ይይዛል። ሰዓቱ ልጁ መዘግየቱን ይነግረዋል፤ ለምን እንደዘገየ ግን አይነግረውም። እንቅልፍ አጥቶ ይሁን፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሁን፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ይሁን የሚያውቀው ልጁ ነው። ልጁ አፉን ከዘጋ ያ አሰልጣኝ ጉም ውስጥ ነው የሚነዳው። ፍርሃት ሩጫውንም ያበላሻል። የሚፈራ ልጅ በመጀመሪያው ዙር አሰልጣኙ እንዲያየው ተወርውሮ ይወጣል፤ ልቡ ከመነሻው ፈጥኖ፣ ትከሻው ተገትሮ ይሮጣል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ያልቅበታል። ያኔ «ሰነፍ!» ይባላል፤ በሚቀጥለው ውድድር የባሰ ፈርቶ ይነሳል።

በጩኸትና በዱላም ውጤት ይመጣል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ ይመጣል። መሰለች ኡትሬክት ላይ ስትሮጥ ከሷ የፈጠነ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ 29 ደቂቃ ከ31.78። ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ የተመዘገበው ይህ ሰዓት የመተከል ወንበራዋ አልማዝ አያና በ2008 ዓ.ም ሪዮ ላይ 29 ከ17.45 እስክትገባ ድረስ 23 ዓመት ቆይቷል። የዋንግ አሰልጣኝ ማ ጁንረን ሯጮቹን በዱላ የሚመታ ሰው ነበር። ዋንግ ክብረ ወሰኑን ካስመዘገበች ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሯጮቹ ጥለውት ወጡ። ኋላም ዋንግና ጓደኞቿ አስገድዶ የተከለከለ መድኃኒት ይሰጠን ነበር ብለው የጻፉት ደብዳቤ አደባባይ ወጣ። እንዲህ ያለ ወርቅ ለእህቴ ልጅ አልመኝለትም።

ሌላ ማስረጃ አለ፤ ከሩጫ ሳይሆን ከአሜሪካ የሕፃናት ቤዝቦል የመጣ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ከባልደረባቸው ባርኔት ጋር በ1992 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት የተወሰኑ አሰልጣኞችን ለሁለት ሰዓት ተኩል አስተማሩ። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ጥረቱን አመስግን፣ ሲሳሳት አበረታታና እንዴት እንደሚስተካከል አሳይ፣ አታዋርድ። ትምህርቱን ባልወሰዱት አሰልጣኞች ሥር ከነበሩት ልጆች 26 በመቶው በዓመቱ ጨዋታውን ትተው ቀሩ። በወሰዱት ሥር ከነበሩት የቀሩት 5 በመቶ ናቸው። በማሸነፍና በመሸነፍ ግን ቡድኖቹ አልተበላለጡም። ይህን ሳነብ ጮቄ ላይ ስንት ልጅ ጉም እንደዋጠብን አሰብኩ፤ የእኛዎቹ ሲቀሩ የሚመዘግባቸው እንኳ የለም።

ልጆች ይሞላቀቁ የሚል ሰው አይደለሁም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌ አትላንታና ሲድኒ ላይ ያሸነፉት እሳቸው ብሔራዊ ቡድኑን ሲያሠለጥኑ ነው። ዳገቱ ይኑር፣ የንጋቱ ውርጭም ይኑር። ሰዓት ያላከበረ ከሜዳ ይመለስ። ልጅ ይህን ሁሉ ይችላል። የማይችለው እግሩ ባበጠ ቁጥር ሰውነቱ የሚረክስበትን ሜዳ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን የሚሠለጥነው ከአንዲት የስፖርት መምህርት ዘንድ ነው። ማሟሟቅ ከመጀመሩ በፊት ደብተር ይዛ ልጅ በልጅ ትዞራለች፤ «ማታ ተኛህ? ምን በላህ? የቱ ጋ ያምሃል?» ያመመውን ከዳገቱ ቀንሳ ሣሩ ላይ ታስኬደዋለች። ያ እግሩ ያበጠው ልጅም ድኖ እሷ ዘንድ መጥቷል። ደብተሯ ውስጥ ስለ ሕመም የሚናገሩት መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂቶች እንደነበሩና እየቆዩ እንደበዙ አሳይታኛለች። ዳገቱን የምታስወጣቸው ግን ከፊተኛው አሰልጣኝ ባልተናነሰ ነው።

ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከጎዛምን የታዳጊ አሰልጣኞችን እነ ስሚዝ ለሰጡት ዓይነት ትምህርት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ አዳራሽ ውስጥ መሰብሰብ ይህን ያህል አይከብድም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው። የፊተኛው አሰልጣኝም እንዲመጣ እኔው ሄጄ እለምነዋለሁ፤ ትጋቱን አውቃለሁና። ሻይና ዳቦውን እኛ ወላጆች እንችላለን።