ከጎሐ ጽዮን ደጀን፣ አንድ ሴንቲሜትር

ሰው ሁሉ የሠርግ ፎቶውን የሚሰቅልበት የሳሎን ግድግዳ ላይ እኛ ቤት የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሏል። የሠርጋችን ፎቶ መኝታ ቤት ነው፤ ባለቤቴም ይህን ነገር እስካሁን አልረሳችልኝም። ካርታው 1፡2,000,000 ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ፣ «አገርዎ ወዴት ነው?» እልና ማስመሪያዬን አነሣለሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ካርታው ላይ ያለች አንዲት ሴንቲሜትር መሬት ላይ 2,000,000 ሴንቲሜትር ናት ማለት ነው። ሁለት ሚሊዮን ሲባል ያስደነግጣል፤ አምስት ዜሮ ሲሰረዝለት ግን 20 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ ተማሪ ሳለን ግን ከዜሮዎቹ አንዷን አብልጦ እየሰረዘ አዳማን ከአዲስ አበባ በእግር የሚያደርስ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም ነበር።

ታዲያ አማቼ ከደሴ መጡ። ጋቢያቸውን ገና ሳያወልቁ ማስመሪያዬን ከአዲስ አበባ ደሴ ዘረጋሁ። 12 ሴንቲሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር። በ20 ሲባዛ 252 ኪሎ ሜትር።

«ስንት አልከኝ?»

«252፣ አባባ። በቀጥታ መስመር ነው።»

«አሞራ አረግከኝ እንዴ? እኔኮ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው!»

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ሹፌርም ረዳትም ያውቃል። እኔም አላጣሁትም። ማስመሪያ የሚለካው ለአሞራ ነው፤ ለአውቶቡስ ክር ያስፈልጋል። ከባለቤቴ የስፌት ሣጥን ክር መዝዤ ቀዩን መስመር ተከትዬ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ እያጠማዘዝኩ ደሴ አስገባሁት። ከዚያ ክሩን አቃንቼ ማስመሪያው ላይ ለካሁ። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ 400 ግን አልገባም።

«የቀረውን የት ጣልከው?» አሉ አማቼ።

የጣለው ካርታ ሠሪው ነው። በዚህ ስኬል የጣርማ በር ጥምዝምዝ ሁሉ ይሣል ቢባል መስመሩ እርስ በርሱ ተደራርቦ የቀለም ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ትንንሾቹን ዙሮች አውቆ ያቃናቸዋል። መንገዱን ያሳጥራል፣ በአንጻሩ ደግሞ ያሰፋዋል፦ ያ ቀይ መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ በስኬሉ ሲሰላ የደሴ አስፋልት ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር ነው! ይህን ስነግራቸው አማቼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እንዲያማ ቢሆን ከገልባጭ ጋር ምን አጋፋን!»

እኔ ግን ለሙግት የምመርጠው የዓባይን በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ካርታዬ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ናት፤ አውራ ጣት ይሸፍናታል። በቀጥታ ከሄዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኗ ነው። በመኪና ግን ወደ 40 ይጠጋል፤ ሰዓቱን ደግሞ የፍሬን ሽታ ያሸተተ ያውቀዋል። ብዙ ሰው «ቁልቁለትና ዳገቱ ነው ያስረዘመው» ይላል። አይደለም። ቁልቁለቱ ብቻውን ለርዝመቱ የሚጨምረው ነገር ኢምንት ነው፤ 20 ኪሎ ሜትሩን 40 የሚያደርገው መንገዱ ገደሉን ለማታለል ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ነው። ጃፓኖች የሠሩልን 303 ሜትር ድልድይማ በዚህ ስኬል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ለእግረኛ ግን ዳገት ሌላ ነገር ነው። አማቼ በልጅነታቸው ያለፉበትን ሁሉ በኪሎ ሜትር አይነግሩኝም፤ «ጠዋት ከተነሣህ ለምሳ ትደርሳለህ፤ ዳገት ስለሆነ ስትመለስ ይቀልሃል» ነው የሚሉኝ። እኔ በዚህ ሳቅሁ። ኋላ ግን ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ደንብ አገኘሁና አነበብኩላቸው። ዛሬ በሜትር ሲነገር፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። በዚህ ሒሳብ ከዓባይ ወንዝ ተነሥቶ ደጀን የሚወጣ ሰው ለዳገቱ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጨምራል። አማቼ በጥሞና ሰሙና፣ «ታዲያ ይኼ ሰው የኔን ነገር ነው እንዴ የጻፈው?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

ስኬሉን አሳድገን ከዚህ ሁሉ ጣጣ እንገላገል የሚል አይጠፋም። እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል በ1893 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ስኬሉ አንድ ለአንድ የሆነ፣ አገሩን የሚያክል ካርታ የሠሩ ሰዎች አሉ። ሊዘረጉት ሲሉ ገበሬዎቹ ፀሐይ ይጋርድብናል ብለው ከለከሏቸው፤ አገሩን ራሱን እንደ ካርታ መጠቀም ጀመሩ። አማቼ በዚህ ከልባቸው ተስማሙ። «ልክ ናቸው ገበሬዎቹ። ጤፉ ምን ይበላል?»

አሁን ስልክ መጥቶ ክሩንም ማስመሪያውንም አስጥሎናል፤ መንገዱን እሱ ይለካል። ማስመሪያ ስልክ ላይ የሚያሳርፍ ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ በጣት ሰፋ ጠበብ ባደረጉት ቁጥር ስኬሉ አብሮ ይለዋወጣል፤ መታመን ያለባት ጥግ ላይ ያለችው አጭር መስመር ብቻ ናት። ይህች መስመር ወረቀት ላይም አለች፤ ጥቁርና ነጭ ሆና በኪሎ ሜትር የተከፋፈለችው ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች።

በቅርቡ የእኅቴ ልጅ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። 1፡50,000 የሆነ ካርታ ከኤ3 ወደ ኤ4 ተቀንሶ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ተሰጥቷቸዋል። ልጁ ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ 10 ሴንቲሜትር ለካ፤ በሁለት አካፈለና 5 ኪሎ ሜትር ብሎ ጻፈ። ሒሳቡ እንከን የለውም። ወረቀቱ ግን በማሽን ሲቀነስ ቁጥሩ አብሮ አልተቀነሰም፤ ያ ካርታ አሁን 1፡50,000 ሳይሆን ወደ 1፡70,000 ሆኗል፤ መልሱም 7 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሯ ብትኖር ኖሮ ከካርታው ጋር እኩል ትቀነስና ልጁን ታድነው ነበር። ከታች ፈለግኋት፤ ወረቀቱ እንዲበቃ ተብሎ ተቆርጣለች።

ስለዚህ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ካርታ የምታባዙ ወገኖች፣ በወንድምነት እለምናችኋለሁ፦ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ርዕሱን ቁረጡት፣ ያቺን መስመር ግን ተዉልን።