በልደታ አካባቢ ስለሚገኙ ጎዶሎ መጻሕፍት አጭር ሐተታ

ይህ ሐተታ ሙሉ መጽሐፍን አይመለከትም። ሙሉ መጽሐፍ ይነበባል እንጂ አይጠናም። የሚመለከተው ገጹ የጎደለውን፣ የተደገመውንና ያለቦታው የገባውን ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ መዝገበ ቃላትንና የሕግ መጻሕፍትን ብቻ። ልብ ወለድ መጨረሻው ቢቀደድ አንባቢው የራሱን ይጨምርበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን 3367 አንቀጾች ቢኖሩትም፣ ከመካከላቸው አንዷን ከራስ አመንጭቶ ችሎት ፊት መቆም አይመከርም።

ልደታ የተመረጠበት ምክንያት ማስረዳት አያሻውም። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ እዚያ ነው፤ አቤቱታ ጸሐፊው እዚያ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እዚያ ነው፤ ሕግ በክንዱ ደርድሮ የሚዞረው ሻጭም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት አብሮ የተወለደ ጉድለት ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጣጠፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ መጽሐፍ የእነዚህ እጥፋቶች ድርድር ነው። ጠራዡ አንዱን እጥፋት ከዘለለ አሥራ ስድስቱም ገጽ አብሮ ይሄዳል። የብራና ጸሐፍት ይህን አደጋ አስቀድመው ስለተረዱ በየጥራዙ የመጀመሪያ ቅጠል ራስጌ ላይ ቁጥር ያኖሩ ነበር። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ ገፉበት፣ ደስታ ተክለ ወልድ አስተካክለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሊቃውንት ዕድሜ ልክ የተቀባበሉትን ሥራ አንድ እንቅልፋም ጠራዥ ከምሳ በኋላ ሊያጎድለው ይችላል።

ከአንዱ መጽሐፍ የተዘለለው እጥፋት በሌላው ሁለት ጊዜ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። የሁለቱን መጻሕፍት ባለቤቶች ማገናኘት የዚህ ጥናት የሩቅ ግብ ነበር። የተደገመለት ሰው ግን መደገሙን የሚያውቀው ካነበበ ብቻ ስለሆነ እስካሁን አልተገኘም።

እዚህ ላይ የሐሰት ጉድለትን መለየት ያስፈልጋል። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የ1962ቱ፣ የተደረደረው በአበገደ ነው። በሀለሐመ ያደገ ገዢ ከፊት ከፍቶ ሀን ያጣትና መጽሐፉ ተቆርጧል ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጩም ሀ አምስተኛ ተራ ላይ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ ስለማያውቅ ይቀንስለታል። ሙሉ መጽሐፍ በጎዶሎ ዋጋ የሚገኝበት ብቸኛው መንገድ ይህ ነውና ምስጢሩን ባልገልጸው ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ማኅተም ያረፈበት ገጽ ነው። አንድ መጽሐፍ የመንግሥት ወይም የትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ ሳለ ወደ አስፋልት ዳር ከወጣ፣ የውስጥ ልባሱን ገጽ ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ዓይነት ከዚህ በላይ መጻፍ ጎረቤት ያስቀይማል።

ሦስተኛው የሚፈለግ ገጽ ነው። የጎደለውን ቦታ አይቶ የቀድሞው ባለቤት በምን ነገር እንደተካሰሰ መናገር ይቻላል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ እንዳለበት የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 በልደታ ዙሪያ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ጉድለቱ ሲነገረው ሻጩ አንድ የታወቀ ክርክር አለው፦ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ተሽሯል!» ለቤተሰብ ክፍሉ እውነቱን ነው፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተክቶታል። ስለ 1723 ሲጠየቅም ያንኑ ይመልሳል። በዚህ ሻጭ አፍ የተሻረው ሕግ ምክር ቤት ከሻረው ሳይበልጥ አይቀርም።

የዚህ ዓይነት አንድ ንዑስ ክፍል የቁመት ቅዳጅ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም፣ ገጹ ለሁለት ሲቀደድ አንዱ ቋንቋ ብቻ ይተርፋል፤ ብዙውን ጊዜም እንግሊዝኛው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ልዩነት ሲኖር አማርኛው ይጸናል ይላል። ይጸና ዘንድ ግን በመጀመሪያ ከቆሎ ሻጯ መመለስ አለበት።

አራተኛው፣ ይህ ሐተታ በእውነት የተጻፈለት፣ ምትክ ገጽ ነው። የጎደለው ከሰው ቅጂ ተገልብጦ፣ ተቆርጦ፣ በኮላ ወይም በስቴፕለር ይገባል። ወፍራም ሕግ ደግሞ ማሽን ላይ አልተኛም ይላል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በጣቱ ይጫነዋል፤ ማሽኑም ታማኝ ነውና ጣቱን አብሮ ያነሣል። በዚህ ምክንያት በከተማችን የሚዞሩ ሕጎች የበርካታ የማይታወቁ ሰዎች ጣት ይዘዋል።

ጣቶቹ በሦስት ይከፈላሉ። በኅዳጉ ላይ ያረፈው ጨዋ ጣት ይባላል፤ ማንንም አይነካም። ቀለበት ያለበት ያገባ ጣት ነው። ጽሑፉ ላይ የወጣው ደፋር ጣት ሲሆን ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው እርሱ ነው። ቅጂው እንደገና ሲገለበጥ ደፋሩ ጣት አይጠፋም፤ ይጠቁራል። በሦስተኛው ትውልድ ጥፍሩ ተሰውሮ ዳመና ይሆናል፤ አዲስ ጣትም በላዩ ይወጣበታል። ሁለት ትውልድ የተደራረበበት ገጽ ለማንበብ ሳይሆን ለማሰብ ያመቻል።

ጉዳቱን በአንቀጽ 1845 ላይ ማየት ይቻላል። አንቀጹ በሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ የውል ክስ በዓሥር ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ደፋሩ ጣት በ«ዓሥር» ላይ ቢያርፍ ባለዕዳው ሁለት ነው ይላል፣ አበዳሪው ሃያ ነው ይላል፤ የጣቱ ስፋት ለሁለቱም ይበቃል።

ሕጉ ስለ ጣት ዝም አላለም። በአንቀጽ 1728 መሠረት መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ ምልክት ያደርጋል፤ የዕውርና የማይም ሰው ምልክት ግን በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ከሦስቱ መካከል የለም። እንግዲህ አንቀጽ 1845 ላይ የወጣው ጣት ማንን ያስገድዳል? ጣቱ ራሱ ማንበብ አይችልም። ከሁሉ የሚብሰው አንቀጽ 1728 ራሱ በጣት የተሸፈነበት ቅጂ ቢገኝ ነው፤ ያኔ ሕጉ ስለ ጣት ምልክት መናገሩን ትቶ ፈርሟል ማለት ነው።

አምስተኛው ዓይነት የተገለበጠ ጥራዝ ነው። መጽሐፉን ገልብጦ ማንበብ ነው፤ ሌላ ሐተታ የለውም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ለመዘርዘር ታቅደው ነበር፤ ነገር ግን የእኔው ሕግ ከ1723 ጀምሮ ጎዶሎ ሲሆን ችሎቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ። ልጅቷንም፣ «እህቴ፣ ጣትሽን ትንሽ ወደ ዳር አድርጊልኝ» ማለት ያስፈልጋል።