ጥንቅሽም በሐኪም ትእዛዝ!

ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ እንደሚወልቅ፣ ጉልበት እንደሚከዳ፣ ጆሮ እንደሚደነቁር አባቶቻችን ነግረውናል፤ ጊዜው ሲደርስም አልደነገጥንም። ሳይነግሩን የቀሩት አንድ ነገር ነው፦ ወልደህ፣ አስተምረህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሃት ልጅ በስተርጅና የስኳር ዘበኛ ሆና ራስህ ላይ ትቆማለች።

ሐኪሙ የደሜን ውጤት አየና «አባት፣ ስኳርዎ ጠርዝ ላይ ነው» አለኝ። «ልጄ፣ አምባሰል ተወልዶ ጠርዝ ላይ ያልኖረ ማን አለ?» ብዬ መለስኩለት። ገደል አፋፍ ላይ አርሰን የምንበላ ሰዎች ነን እኮ! እሱ ሳቀ፤ ልጄ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ የስኳሩ ጣሳ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆልፎበታል። ከደሴ የሚመጣ እንግዳ ቦንቦሊኖ ይዞልኝ እንደሆነ በር ላይ ይፈተሻል። ሻይ ሲቀርብልኝ በማንኪያ የማማስለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ የሚሟሟ ነገር ኖሮ አይደለም።

የእሷስ ይሁን። የባሰችው የልጅ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትመለስ «አባባ፣ ምግብ እኮ ስሜትን ይለውጣል» አለችኝ። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? ወጡ ያረረ ዕለት ቤቱ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ባል አለ?

«ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከመቶው 90 ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው» ብላ ቀጠለች። ደስ አለኝ። «እንግዲያውስ አንጀቴን የሚያርስ ነገር አምጪልኛ!» አልኳት። «የለም አባባ፣ የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም፤ መሀል ላይ የሚያግደው አለ።» እዩልኝ እንግዲህ! ከደሴ ወልድያ ሲኬድ ያለው ኬላ አንሶ፣ ከሆዴ እስከ ጭንቅላቴም ሌላ ኬላ!

ከዚያ መንፈስ ያድሳሉ የተባሉትን ምግቦች ትዘረዝርልኝ ጀመር፦ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ያልተፈተገ እህል፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣ። «ቆይ እስቲ» ብዬ አስቆምኳት። ዓሣውን ለሐይቅ ሰዎች እንተውላቸውና፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ ማለት እኔ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን እየተነጫነጭኩ የምበላው አይደለም ወይ? ዕድሜ ልኬን የደስታ መድኃኒት እየበላሁ ኖሬ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም! ቢነገረኝ ኖሮ ቢያንስ ፊቴን ፈታ አድርጌ እጎርስ ነበር።

ስለ ስኳሩ ስጠይቃት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ አመጣችብኝ። ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ይሁን፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። አምስት በመቶው ወደ 25 ግራም፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ስድስት ሲባል ፊቴ በራ። ለካ ስድስቱ የቀኑ ሁሉ ነው! ብስኩቱም ኬኩም ከዚያው ላይ ይቀነሳል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳማ ብቻውን አልፎት ይሄዳል።

«ማሩስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ማርም ከዚያው ይቆጠራል፣ አባባ።»

ይኼን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። የአምባሰል ንብ ከአበባ አበባ ዞራ የሠራችው ማርና ከፋብሪካ በጆንያ የወጣ ስኳር አንድ መዝገብ ላይ! ወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው እኮ በ1946 ዓ.ም. ነው። ማራችን ከዚያ በፊት ስንት ንጉሥ አንግሦ ስንቱን ቀብሯል! ቡናችንን በጨው እየጠጣን ኖረን፣ ትናንት ስኳር አለመዱን፤ ዛሬ ደግሞ ተዉት ይሉናል።

እኛ ጣፋጭ ያጣን ሰዎች አልነበርንም፤ ጣፋጫችን ወር ነበረው። ጥቅምት ላይ ማሽላው እሸት ሲሆን በእሳት ለብለብ አድርገን በመዳፋችን እያሸን እንበላለን። ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ፤ ሌላም ስሙን ከማር የወሰደ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አገር የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ላይሲን የበዛባቸው ሁለት ዝርያዎች አገኙ አሉ፤ ሁለቱም የተገኙት ከዚህችው ከወሎ ነው። ላይሲን ማለት ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ በተራው ማሽላ ውስጥም የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። የእኛ ገበሬ ላይሲን የሚባል ነገር አልሰማም፤ ልጁ የትኛውን እሸት እያለቀሰ እንደሚለምን ግን ያውቅ ነበር። ከሚጣፍጠውና ከሚጠቅመው ምረጡ ያለን አልነበረም።

ጥንቅሹንስ! ወፍ ልንጠብቅ ማማ ላይ ወጥተን በጥርሳችን ልጠን ስንመጥ እንውላለን። ጥንቅሽ ልክህን ራሱ ያሳይሃል፤ መንጋጋህ ሲዝል በቃህ ማለት ነው። የስኳር ጣሳ ግን ማንኪያ እንጂ መንጋጋ አይጠይቅም። በዚህ በኩል ልጄ እውነቷን ነው፤ ሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ክፍት ነው። ድሮ ወሩ ይቆጣጠረን ነበር፤ ዛሬ ወሩ ሥራውን ስለለቀቀ ልጄ በቦታው ተቀጠረች።

ሌላም የማይቆጠር ነገር ነበረን። ወሎ እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ተጎራብቶ ይኖራል፤ ሥጋው ግን በየቢላው ይለያያል። ጣፋጭ ሲመጣ ቢላ የለም! የረመዳን ተምር እኛ ቤት ይመጣል፣ የእኛ ብርዝና ድፎ ዳቦ ወደ እነሱ ይሄዳል። በቢስሚላሂ ተጀመረ በበስመ አብ፣ ማሩ ያው ማር ነው። አንድ ሳህን ለአሥር ሰው ሲዞር ለአንዱ የሚደርሰው ምን ያህል ይመስላችኋል? ልካችንን የጠበቀልን ጎረቤት ነው።

ይኼን ስነግራት የልጅ ልጄ በደስታ እጇን ጨበጠች፤ ልትረታኝ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ድባቴ የያዛቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተጠንተው ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ አለችኝ። ገሚሶቹን ምን መብላት እንዳለባቸው ባለሙያ መከራቸው፤ ለገሚሶቹ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። በምግቡ በኩል 32 በመቶው፣ በጨዋታው በኩል 8 በመቶው ከድባቴው ወጡ። «አየህ አባባ፣ ጨዋታ ብቻውን አይበቃም!»

መጀመሪያ አፌን ያዝኩ። ቀጥሎ ግን ተናደድኩ። ኧረ ምግብና ጨዋታን ለያዩ ብሎ ማን አዘዛቸው? እዚህ እኛ አገር ውጫሌ ላይ ቆሎ ሳይቀርብ የሚጫወት፣ ሰው ሳይጠራ ቡና የሚያፈላ ማን አለ? አቦሉን ለብቻ፣ በረካውን ለብቻ፣ ወሬውን ለብቻ መዝነው ሲያበቁ የትኛው አሸነፈ ይላሉ! ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት እዚህ መጥተው አንድ ከሰዓት ቢቀመጡ በቂ ነበር። ደግሞ ልጅቱ በችኮላ ያለፈችውን አንድ ነገር ያዝኩባት፦ በዚያ የምግብ ምክር ውስጥ ጣፋጭና መሰል ነገር ጨርሶ አልተከለከለም፤ በሳምንት ከሦስት አይበልጥ ተባለ እንጂ። ሦስት! ጠበቃዬ አውስትራሊያ ሲቀመጥ እኔ ባዶ ሻይ አማስላለሁ!

እናም ውል እንግባ አልኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት እዚሁ አጠገባችን ይስማ ንጉሥ ላይ ነው፤ መዘዙ እስከ አድዋ እንደወሰደን ስለምናውቅ የውጫሌ ሰው ውል ሲጽፍ ይጠነቀቃል። የእኔ ሦስት አንቀጽ ብቻ አለው። አንደኛ፣ ሽሮውን፣ ጎመኑንና ማሽላውን ሳልነጫነጭ እበላለሁ፤ ለስላሳ ደጄን አይረግጥም። ሁለተኛ፣ ጣፋጭ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ትንሽ ትንሽ። ሦስተኛ፣ ያም ለብቻ ተደብቆ አይበላም፤ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሳህኑ ዞሮ ነው።

ልጄ አነበበችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ብዕሯንም አነሳች። «ሦስቱ ቀን መቼ መቼ ነው፣ አባዬ?» አለችኝ።

«እንግዳ የመጣ ቀን ይሁን» አልኳት፣ ዓይኔን ወደ ጣሪያው አድርጌ።

«ውጫሌ ላይ እንግዳ የማይመጣበት ቀን የቱ ነው?» አለችና ብዕሯን መልሳ ኪሷ ከተተች።

ድርድሩ እንደቀጠለ ነው። እናንተ ግን ኑ፤ ስትመጡም ባዶ እጃችሁን አትምጡ።