አኮቴት ለትውልድ ወቃሾች

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ምድር፣ ሸማኔው ድር ሲወደድበት፣ ገበሬው ማዳበሪያ ሲዘገይበት፣ ነጋዴው ግብር ሲከብደው፣ መሣሪያ ሳይሻ፣ ፈቃድ ሳያወጣ፣ ክረምት ከበጋ ሳይስተጓጎል የሚሠራ ሙያ ቢኖር ትውልድን መውቀስ ብቻ ነው። ለዚህ ክቡር ሙያና ለሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ተገቢው አኮቴት ሳይቀርብላቸው መቅረቱ ስላሳዘነኝ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የሙያው ሥርዓት እንደ ቅዳሴ የተወሰነ ነው። በልቅሶ ድንኳንም ሆነ በምረቃ መድረክ፣ ወቃሹ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ “ይህ ትውልድ…” ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩን እርሱ ባይፈጽመው እንኳ ጉባኤው ራሱን እየነቀነቀ ይፈጽምለታል። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ አንድ አረጋዊ ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ መቅረቱን በምሬት ሲገሥጹ ሰማሁ፤ በዚያችው ሰዓት ዕድሜው ከሠላሳ አምስት የማያንስ የወንድማቸው ልጅ ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን ገንዘብ ከስልካቸው ውስጥ ይፈልግላቸው ነበር። “አገኘኸው ወይ አንተ?” አሉት፣ ተግሣጹን ለአፍታ ገታ አድርገው። “ገብቷል ጋሼ።” “ተመስገን” አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ወቃሹ ማስረጃ ሲያሻው ጣቱን ወደ ጋፋት ይቀስራል፤ አባቶቹ በዚያ የተቀለጠውን፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ እስከ መቅደላ ጎትተዋልና። መድፉን ያቀለጡት በንጉሥ ትእዛዝ የተገደዱ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን መሆናቸውን፣ ወቃሹም ራሱ ያን ገመድ በእጁ ነክቶ የማያውቅ መሆኑን ማንሣት ግን ነውር ነው። ያ ንጉሥም ቢሆን “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እየተባለ ተዘልፎ፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭን ገና ሠላሳ ሰባት ዓመት ግድም ነበረ፤ ዛሬ ቢሆን ኖሮ፣ በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከሃያ ዘጠኝ በማለፉ ከወጣትነት የተሰረዘ፣ በወቃሾቹ ሚዛን ደግሞ ገና ያልበሰለ ልጅ ሆኖ፣ ከሁለቱም መዝገብ በጠፋ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. “መሬት ላራሹ” እያለ አደባባይ የወጣው፣ ኋላም በአፍሮ ጠጉሩና በሰፊ ሱሪው ሰበብ በአባቶቹ ዘንድ ሃይማኖት የለሽ ተብሎ የተወገዘው ትውልድ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ወጣለትና መሬቱ ተከፋፈለ። ከዚያ በኋላ የተወለደው የፋርጣና የጋይንት ልጅ ግን፣ የአባቱን ጥቂት ጥማድ ከአራት ወንድሞቹ ጋር ሲካፈል የሚደርሰው በሬ የማያዞር ጥግ ነው፤ ስለዚህም ማረስ የጠላ ሰነፍ ተባለ። ዲግሪውን ይዞ ኮብልስቶን ሲጠርብ፣ ተምሮ ያልተለወጠ ተባለ፤ ለሰሊጥ አረም መተማ ሲወርድ፣ አገሩን የናቀ ተባለ፤ ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ሥራ ፈት ተባለ። ፍርዱ ቀድሞ ስለ ተጻፈ የቀረለት ነገር ወንጀሉን መምረጥ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የሙያው ውርስ ነው። ፈረንጆች “ሚሌኒያል” የሚሉት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1973 እስከ 1988 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው ይህ ተወቃሽ፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ተምሮ፣ በዘለፋ አድጎ፣ አሁን ጠጉሩ ሲሳሳ ማኪያቶውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ የባሕር ማዶ እኩዮቹ ገንዘባቸውን ለአቮካዶ ስለሚያጠፉ ቤት መግዛት አቃታቸው የሚባለውን ክስ፣ እርሱ የቤት ብድር ደጃፍ ረግጦ ባያውቅም፣ የራሱ ኃጢአት አድርጎ በኩራት ያነበንባል። ከዚያም መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. አገር በእልልታ ሲናወጥ ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረውን ታናሹን ቲክቶክ ላይ ሲያየው፣ ጉሮሮውን ይጠርግና “ይህ ትውልድ…” ይላል። ሢመቱ ያለ ጳጳስ ተፈጸመ።

እንግዲህ ለቀደሙት ሊቃውንትም ለአዲሶቹ ተሿሚዎችም የማቀርበው አደራ አንድ ነው፦ “እናንተስ ለዚህ ትውልድ ምን አወረሳችሁት?” ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ከጉባኤያችሁ እንዳይገባ በሩን ጠብቁ። ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተፈቀደ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራው በየስማችሁ መልስ መስጠት ግድ ይሆንባችኋል፤ ይህን ያህል ዘመን በወቀሳ ላገለገለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ድካም አይገባውም።