ዋጋውን ስትጨምርስ ማን ጠየቀህ?

«ነጭ ፌሬት ሁሉ አልቢኖ ነው» ያልከኝ ወዳጄ፣ እስቲ የእንስሳውን ዓይን እየው! ቀይ ከሆነ አልቢኖ ነው። ጥቁር ከሆነ ሌላ ነው፤ የአሜሪካ ፌሬት ማኅበርም ሁለቱን ለየብቻ ይመዘግባቸዋል።

«ነጭ ለቤት፣ ጥቁር ለአደን» ያልከውስ? በፌሬት ጥንቸል የሚያድኑትን እንግሊዛውያን ጠይቃቸው። ከጉድጓድ ሲወጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ቶሎ የሚታየው ነጩ ነው ብለው እሱኑ የሚመርጡ ሞልተዋል።

«ጥቁር ቡናማ ገዝቼ ብርዱ ሲገባ ነጣብኝ፣ ተታለልኩ» ያልሽው እኅቴ፣ በዚህስ ማንም አላታለለሽም። ፌሬት በዓመት ሁለቴ ፀጉሩን ይቀይራል፤ ቀኑ ሲያጥር የሚያበቅለው ወፍራም ፀጉር ፈዘዝ ይላል። ከጅራቱ ጀምሮ እየተመለጠ ከሄደ ግን ስለ ቀለም ማውራቱን ተዪና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ የአድሬናል ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላል።

«ቦቃው ግን ሲያምር!» አዎ፣ ያምራል። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ነጭ መስመር የተሰመረበት ቦቃ፣ ራሱ በሙሉ ነጭ የሆነው ፓንዳም ዓይን ይስባሉ። ችግሩ ጆሯቸው ላይ ነው። ለፀጉር ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ፅንሱ ሲያድግ ወደ ቆዳም ወደ ውስጠኛው ጆሮም ይጓዛሉ፤ ጆሮው ውስጥ ካልደረሱ መስማት የለም። በ2014 የታተመ ጥናት በአውሮፓ 152 የቤት ፌሬቶችን መርምሮ 44ቱ በአንድ ወይም በሁለቱም ጆሮ የማይሰሙ ሆነው አግኝቷል። ነጭ ጥለት ያላቸው ደግሞ በዚህ ጎልተው ታይተዋል።

«ባይሰማስ ምን አለበት?» አለበት እንጂ! ተኝቶ ሳለ ድንገት ብታነሳው ደንግጦ ይነክስሃል። አንተም «ክፉ ነው» ብለህ ትመልሰዋለህ። ምስኪኑ ምን አጠፋ?

«ታዲያ ቦቃ አንግዛ?» ግዛ! ነቅቶ ሲጫወት ከኋላው ሆነህ አጨብጭብለት። ዞር ካላለ፣ ቤት ስትወስደው ሳትነካው በፊት ወለሉን በእግርህ መታ መታ አድርግ፤ ንዝረቱ ይደርሰዋል። በእጅ ምልክት መጥራትም ይለመዳል።

አንተ ሻጩ ደግሞ «ስለ ጆሮው ማንም አልጠየቀኝም» አልክ። ለነጩ መስመር ብለህ ዋጋውን ስትጨምርስ ማን ጠየቀህ?