ሊንኩ ኮመንት ላይ ነው፦ የምሥራቅ አዲስ አበባ ለጣፊዎች ምደባ

በዚህ ጥናት ለጣፊ የምንለው ብሎግ ያለውን ሰው ሁሉ አይደለም። ብሎግ ያለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሁለት ጽሑፍ ጭኖ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ፣ በሰላም ይኖራል። ለጣፊ የሚባለው ማንም ሳይጠይቀው የብሎጉን ሊንክ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እየዞረ የሚያስቀምጥ ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ደሞዝ ይከፈልበታል። እኛ ዘንድ ገና በጎ ፈቃድ ነው።

ቀን ቀን የሚታየው በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉ ካፌዎች ውስጥ ነው። ከሌላው ደንበኛ የሚለየው ወንበር ሲመርጥ መስኮቱን ትቶ ሶኬቱን በማየቱ ነው። አንድ ማኪያቶ ያዝዛል፤ ማኪያቶው ከቀዘቀዘ ከሁለት ሰዓት በኋላም እየጠጣሁ ነው ይላል። ሲመሽ በመገናኛ በኩል ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ይፈልሳል። ካፌው ቦሌ ቢሆንም የቤት ኪራዩ ቦሌ አይደለም።

የዘሩ ጥንተ መሠረት ላሊበላዎች ናቸው። ላሊበላ ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያዜማል። የባለቤቱን ስም ቀድሞ ከጎረቤት አጠያይቆ ስለሚመጣ በስሙ እየጠራ ያወድሰዋል። ሲሰጠው መርቆ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል፤ ካልተሰጠው ደግሞ ምርቃቱ አቅጣጫ ይቀይራል። ካሊፎርኒያ ያሉ መሐንዲሶች በብዙ ገንዘብ የደረሱባቸው ነገሮች፣ ማለትም ሰዓት መርጦ መለጠፍ፣ ስም ጠርቶ ታግ ማድረግ፣ ምላሽ ለነፈገ ሰው መዘዙን ማስታወስ፣ በዚህ ሙያ ከጥንት የታወቁ ናቸው። ልዩነቱ ላሊበላው ዜማ መቻሉ ነው።

መካከለኛው ዘመን አጭርና ከባድ ነው። ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማርያን ቡድን በ2004 ዓ.ም. ጀመረ። ስሙን ያወጣው የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ካሉት፣ ዘጠነኛው ከግቢው ውጪ ያለው የቀረው አገር ነው በሚል ነበር። ብሎጉ ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ሆነ። በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ አንባቢው ፕሮክሲ እያፈላለገ ወደ ሊንኩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ሊንኩ አንባቢ እያፈላለገ ይሄዳል። ጥናታችን ይህንን መዝግቦ ያልፋል፤ አይቀልድበትም።

የመጀመሪያውን ዘመናዊ ምደባ ያቀረበው ፌስቡክ ነው። ኩባንያው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ምላሽ የሚለምኑ ጽሑፎችን ከሰው ዓይን እንደሚያርቅ ሲያስታውቅ ልመናውን በአምስት ከፍሎታል፦ ድምፅ ስጡኝ፣ ላይክ አድርጉልኝ፣ ሼር አድርጉልኝ፣ ጓደኞቻችሁን ታግ አድርጉ፣ ኮመንት ጻፉልኝ። ምደባው ለፈረንጅ ይበቃ ይሆናል። ቦሌን ለሚያውቅ ግን ገና መቅድም ነው። እኛ ዐሥራ ሁለት ዝርያዎችን ለይተናል።

አንደኛው ሰባሪው ነው። ለእሱ ሰበር ያልሆነ ነገር የለም። «ጉድ ፈላ! ከጓዳ የወጣው ምስጢር!» ብሎ ይለጥፋል፤ ሊንኩ ሲከፈት ስለ ቀይ ሥር ጥቅም የተጻፈ ነው። ሊወቀስ አይገባም። ቀይ ሥር በእርግጥም ከጓዳ ነው የወጣው።

ሁለተኛው መራቂው ነው። «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» ይላል። ፌስቡክ ይህን ኮመንት ከሚለምነው ጋር ሊደርበው ይችል ይሆናል፤ ከባድ ስሕተት ነው። ኮመንት ለማኙ ኮመንት ካጣ ያኮርፋል። መራቂው ግን ጉዳዩን ወደ ላይ ያስተላልፈዋል። በሌሊት አልጋ ውስጥ ሆኖ «አሜን» ሳይል ያለፈ ሰው ጥቂት ወደ ታች ካወረደ በኋላ ተመልሶ ሲጽፍ አይተናል። ምን ይታወቃል?

ሦስተኛው «ሞልቶብኛል» ይባላል። ፌስቡክ ለአንድ ግለሰብ ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይፈቅድም። ወሰኑ ላይ የደረሰ ለጣፊ «ወዳጆቼ፣ 5 ሺህ ስለሞላብኝ የጓደኝነት ጥያቄያችሁን መቀበል አልቻልኩም፤ በፔጄ ተከተሉኝ» ብሎ ያውጃል። አንድም ሰው ጥያቄ ባልላከለት ሳምንትም ያውጃል። የሚደንቀው፣ መንግሥትም ይህንኑ ቁጥር መምረጡ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት እስከ 1 ዓመት የሚያስቀጣውን ጥፋት፣ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያደርሰዋል። እንግዲህ አንድ ሰው እስከ 5,000 ድረስ ወሬኛ፣ ከዚያ በላይ ብሮድካስት ነው ማለት ነው። 4,870 ተከታይ ላለው አንድ የገርጂ ለጣፊ ይህን ስናስረዳው ፊቱ ጠቆረ። ለከባዱ ቅጣት እንኳ 131 ሰው ይጎድለዋል።

አራተኛው ለጥናታችን ርዕስ የሆነው ነው። ፌስቡክ ሊንክ አይወድም፣ ሊንክ ያለበትን ጽሑፍ ይደብቃል ብሎ ያምናል። ስለዚህ የጽሑፉን መግቢያ ይለጥፍና ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ ቆርጦ «ሙሉውን ለማንበብ ሊንኩ ኮመንት ላይ ነው» ይላል። ቀጥሎ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሊንኩ የታለ?» ይላል አንዱ። «ኮመንት ላይ ነው» ይላል ለጣፊው። «ኮመንት ላይ አላየሁትም»፣ «ለኔም ላክልኝ»፣ «ኢንቦክስ አድርግልኝ»፣ «ሊንክ»፣ «ሊንክ»፣ «ሊ»። በዚህ መካከል ሊንኩ ራሱ በሊንክ ፈላጊዎች ሥር ተቀብሮ አይታይም። ፌስቡክ በበኩሉ ይህን ሁሉ ኮመንት አይቶ ታላቅ ክርክር የተነሣ ስለሚመስለው ጽሑፉን ለብዙ ሰው ያሳያል፤ አዲስ የመጡትም «ሊንኩ የታለ?» ይላሉ። አገሩ ሁሉ ያወቀው፣ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ የሚወለደው እንዲህ ነው።

አምስተኛው የግቢ ለጣፊ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም አለብን።

በሰሚትና በአያት ኮንዶሚኒየሞች እያንዳንዱ ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ግሩፑ የሚያውቃቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ የጥበቃ ክፍያ፣ እና «መግቢያው ላይ የቆመችው ነጭ ቪትዝ ባለቤት እባክዎ አንሱልን»። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ለጣፊው በዚህ ትርፍ ውስጥ ይኖራል።

በእኛ ብሎክ የሚኖረው ለጣፊ ጽሑፎቹ ፍልስፍና ናቸው። መጀመሪያ ላይ እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ይለጥፍ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከዚያ አንድ ነገር ላይ ደረሰ። በግሩፑ ውስጥ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልካቸውን የሚከፍቱት አንድ ሰው «ውሃ መጣ» ብሎ ሲጽፍ ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። «ውሃ መጣ» ከተባለ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች «3ኛ ፎቅ ደርሷል»፣ «4ኛ አልወጣም»፣ «ሮቶው እየሞላ ነው፣ ፓምፑን አትንኩት» እየተባለ ግሩፑ ይጨናነቃል። ለጣፊያችን ሊንኩን እዚህ መሐል መጣል ጀመረ።

ውጤቱ ከጠበቀው በላይ ሆነ። በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ስልክ የያዘ ሰው አውራ ጣቱ እርጥብ ነው። ቴሌግራም ሊንክን ከነርዕሱና ከነሥዕሉ ትልቅ አድርጎ ያሳያል። 4ኛ ፎቅ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለውን ፍለጋ ወደ ታች ሲያወርድ እርጥቡ ጣት ሥዕሉን ይነካዋል፤ ሊንኩ ይከፈታል። ለጣፊያችን በማግሥቱ የብሎጉን ቁጥር ሲያይ አንባቢዎቹ የሚበዙት ከሌሊቱ 8 እስከ 9 ሰዓት እንደሆነ ተረዳ። ሌሊት ተነሥቶ ፍልስፍና የሚያነብ ሕዝብ መካከል እንደሚኖር አመነ። ጽሑፎቹንም ጥልቅ አደረጋቸው።

የብሎኩ ኮሚቴ ነገሩን ሲያውቅ «ከውሃና ከጥበቃ ጉዳይ ውጪ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ ከላይ ፒን አደረገ። ለጣፊያችን ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ስለ ውሃ ጻፈ። ርዕሱ «ውሃ መጣ ስንል ምን ማለታችን ነው? መጠበቅ በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ» ነበር። የለጠፈው ውሃ በሌለበት ሌሊት፣ በ8 ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ከአንድ ርዕስ የሚያነበው ሁለት ቃል ነው። መብራቶች ከታች ወደ ላይ በሩ። ጀሪካን ተንኳኳ፣ ባልዲ ተጎተተ፣ የመጀመሪያ ፎቅ ሰዎች ቧንቧውን ከፍተው አየር ብቻ ሲወጣ «እየመጣ ነው፣ ድምፁ አለ» አሉ። በመጨረሻ 4ኛ ፎቅ ያሉት እናት በድምፅ መልእክት እንዲህ አሉ፦ «የኔ ልጅ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ይሆናል፤ ግን እባክህ ቀን ቀን አድርገው። እኔ እኮ ባልዲ ደቅኜ ቁጭ ብያለሁ።»

በማግሥቱ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን የአንባቢ ቁጥር አየ። በግሩፑ ውስጥም ማንም አልተቆጣውም። ይልቁንም ከሥሩ «በርታ ወንድሜ»፣ «ድንቅ ዕይታ»፣ «እግዚአብሔር ዕውቀቱን ይጨምርልህ» የሚሉ ተከታተሉ፤ እንዲያፍር የፈለገ አልነበረም። የአገራችን የኢንተርኔት ፍሰት የሚዘወርበት ሞተር ይኸው ነው፤ ይሉኝታ። ፌስቡክ ማንን ለማን እንደሚያሳይ በስሌት ይወስናል ይባላል፤ በእኛ ግቢ የሚወስነው ነገ ደረጃ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ነው። ከዚህ በመነሣት የጥናታችንን ብቸኛ ሕግ አረቀቅን፦ በርታ ያለ አላነበበም፤ ያነበበ በርታ አይልም። «የሶሻል ሚዲያ ጥቅል ስለሆነ የገዛሁት ሊንክ አይከፍትልኝም፣ ግን በጣም ወድጄዋለሁ» ያለ ጎረቤት ሁለቱንም ያሟላል።

ለጣፊውም ልኬቱን ከይሉኝታ ጋር ያስማማል። በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ከዓይን ምልክቱ አጠገብ ያለውን ቁጥር «አንባቢ» ይለዋል፤ ያ ቁጥር ግን ጽሑፉ በስክሪናቸው ላይ ያለፈባቸውን ሁሉ ይቆጥራል፤ እያዛጋ ያለፈውም አለበት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘግተው አገሩ በቪፒኤን ሲኖር፣ ለጣፊያችን የብሎጉን የአንባቢዎች ዝርዝር በአገር አሳየኝ። አንደኛ ኔዘርላንድ፣ ሁለተኛ ጃፓን፣ ኢትዮጵያ አራተኛ። ቪፒኤን የሰሚትን ሰው አምስተርዳም እንዳለ አድርጎ እንደሚያሳይ ሊነግረው የደፈረ አልነበረም። እኔም አልደፈርኩም። ለወራት «በአውሮፓ ለምትገኙ አንባቢዎቼ» እያለ ጻፈ።

ስድስተኛው ዝርያ በነፍስ ይማር ሥር የሚለጥፈው ነበር፤ ሰባተኛው ሳይጠይቅ ግሩፕ ውስጥ የሚጨምረን፤ ስምንተኛው ፎሎው አድርጌሃለሁና አንተም መልስ ባዩ። የቀሩትን አራቱን እያስተካከልኩ ሳለ ግን አንድ ማታ የጎረቤቴን ሊንክ ከፈትኩ። ጣቴ ደረቅ ነበር፤ ለጥናት ብዬ ነው የከፈትኩት። ስለዚያች የውሃ ሌሊት የጻፈው ነበር። ባልዲ ደቅነው ስለተቀመጡት እናት ጽፏል፤ ሳያላግጥ፣ ጥፋቱን ሳይሸሽግ፣ በማግሥቱ ከታች ቦቴ ከቆመበት ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ 4ኛ ፎቅ እንዳደረሰላቸውና እሳቸው ቡና ካልጠጣህ አትሄድም ብለው እንዳስቀመጡት። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በጣም ጥሩ ነው። በሕጉ መሠረት ምንም ሳልጽፍ ስልኬን ዘጋሁ።

በነጋታው ደረጃ ላይ አገኘኝ። ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

«ይቅርታ፣ አላየኸውም መሰለኝ የትናንቱን» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«አይ፣ ላይክ ስላላደረግህ ነው። ችግር የለም፣ ሰው ሥራ ይበዛበታል።»

ስለ ባልዲው፣ ስለ ቡናው፣ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስላለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ልነግረው ጀመርኩ፤ ትሕትና መስሎት በትዕግሥት አዳመጠኝ፣ አላመነኝም። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊቱ ላይክ አደረግሁ፤ «በርታ ወንድሜ» ብዬም ጻፍኩበት። ያን ጊዜ አመነኝ፣ አቅፎኝም ወረደ። ዘጠነኛውን፣ ዐሥረኛውን፣ ዐሥራ አንደኛውንና ዐሥራ ሁለተኛውን ዝርያ ሌላ ሰው ያጥናቸው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ገለልተኛ ነኝ ማለት አልችልም።