ጨረቃ ያሰለጠነቻቸው

ጨረቃ ቤት ስሙን ያገኘው ማታ ተጀምሮ ሳይነጋ ስለሚያልቅ ነው። ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ፣ ላስቲክ፤ ዶሮ ሲጮህ ጭስ ይወጣበታል። እንዲህ የሚሠሩት ባለሙያዎች ከቦታቸው ሲነሱ ታዲያ ይሰለጥናሉ። ምን? የጊዜ አጠቃቀም!

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አንዱን ስልጠና ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቻለሁ። አሰልጣኙ 40 ደቂቃ አርፍዶ መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፕሮጀክተሩን ስናይ ሌላ ሰዓት ሄደ። አጠገቤ የነበሩ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እኔ እስካሁን ማገሩን ጨርሼ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቅ ሞልቷል፤ እሳቸው አንድ ሌሊት በቅቷቸዋል። ማን ማንን ያሰልጥን?

እዚያው ኮልፌ ባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ በቆሼ ላይ ግን መቀለድ ይከብዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሥሩ በጭቃና በላስቲክ ጎጆ የሚኖሩ ነበሩ። የተረፉት ለመነሳት ይህን አደጋ መጠበቅ ነበረባቸው።

በዚያው ዓመት ለድሆች ሥራ የሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጣ። ተጠቃሚው መንገድ ይጠርጋል፣ ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጥባል። የተጠረገው ተጭኖ የት እንደሚሄድ ለኮልፌ ሰው አይነገርም።

አጠገቤ ለነበሩት አባት በስልጠናው መጨረሻ በፕላስቲክ የታሸገ ሰርተፊኬት ተሰጣቸው። አገላብጠው ዳሰሱትና «ዝናብ አያስገባም» አሉ።